የራግቢው አንገት፣ የኳሱ ቋንጃ

ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት

ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ኳስ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል፤ ክርክሩም አብሮት ይገባል። አንዱ ክርክር በየዓመቱ ይመለሳል። አጥቂው በክርን ነካ ሲደረግ ፊቱን ይዞ ይንከባለላል፤ ከኋላ ወንበር አንዱ "ይኼ ራግቢ ቢጫወት ምን ሊውጠው ነው!" ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ሰው ከሰው ሲላተም የሚያሳይ ቪዲዮ ያዞራል። ፍርዱ በዚያው ያልቃል፦ የራግቢው ወንድ ነው፣ የኳሱ ልስልስ። ይህን ፍርድ ዛሬ ረጋ ብዬ ላየው ፈለግሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሁለቱንም ጨዋታ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ በየሰፈሩ ሜዳ በሚጫወቱ ልጆቻችን ላይም ጉዳት ያመጣል።

የማወራው ስለ ራግቢ ሊግ ነው፤ ባለ 15 ተጫዋቹ ራግቢ ዩኒየን ሌላ ነው። ሊጉ በአንድ ወገን 13 ሰው አለው፣ 80 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሥሩም ሰሜን እንግሊዝና ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። ከዩኒየን የተለየው በ1895 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሀደርስፊልድ ከተማ ላይ ነበር። የተለየበት ምክንያት ልብ ይነካል። ተጫዋቾቹ የከሰል ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሲጫወቱ የሥራ ሰዓታቸው ይቀራል፣ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቻቸው ለጠፋው ቀን 6 ሺሊንግ እንክፈላቸው ቢሉ የበላዮቹ እምቢ አሉ። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ክንዱ ሲሰበር ምን እንደሚያጣ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ በሰኔ እጁ የተሰበረ ገበሬ ማሳው ጦም ያድራል። ሊጉ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነውና ሕመምን የሚያይበት ዓይን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሜዳው። ኳሱን የያዘው ቡድን 6 ጊዜ ተይዞ እስኪጣል ድረስ ማጥቃት ይችላል። በተጣለ ቁጥር ተከላካዮቹ 10 ሜትር ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ኳሱ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ወደፊት ይወረወራሉ። ስለዚህ 110 ኪሎ የሚመዝን የፊት መስመር ተጫዋች ተንደርድሮ ሲመጣ የሚቀበሉት ሁለት ሦስት ሰዎችም ተንደርድረው ነው የሚመጡት። ከባዱ ግን ግጭቱ ብቻ አይደለም። የተጣለው ሰው ራሱ ተነሥቶ ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ ኋላ ማንከባለል አለበት። ሦስት ሰው ተኝቶበት የነበረ ሰው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ካልቆመ የቡድኑ ጥቃት ይቀዘቅዛል። ተከላካዩም ተኝቶ ከቀረ መስመሩ በ12 ሰው ይቀራል፤ ተጋጣሚው የሚፈልገውም ያችን ቀዳዳ ነው። መሀል ላይ የሚሰለፍ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 40 ጊዜ ሰው መጣሉ የተለመደ ነው፤ በየመካከሉ ኳስ ይዞ ራሱ የሚጣልበት ሳይቆጠር። ከማሊያው ሥር ስስ የትከሻ ስፖንጅ ማድረግ ይፈቀዳል፣ ብዙዎቹ ግን እሱንም አይለብሱም።

የእግር ኳሱ ድካም ሌላ ነው። የመሀል ተጫዋች በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ያውም ዝም ብሎ ሩጫ አይደለም፤ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይፈተለካል። ትልልቆቹ ክለቦች በሳምንት ሁለቴ ስለሚጫወቱ በዓመት ከ50 ጨዋታ በላይ የሚሰለፍ ብዙ ነው። ጉዳቱም የዚህ ልጅ ነው። በትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች በብዛት የሚመዘገበው ጉዳት ከጭን ኋላ ያለው ጡንቻ፣ ቋንጃ የምንለው፣ መሸምቀቅና መቀደድ ነው። ማንም አይነካውም፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ ወደፊት በተዘረጋበት ቅጽበት ከኋላ ጥው ይላል። ከዚያ የሚከፋው የጉልበት ውስጥ ጅማት መበጠስ ነው፤ ጫማው መሬት ነክሶ ሲይዝ አካሉ ይዞራል፣ ጉልበቱ ይቀራል። መመለሻው 9 ወር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ልዩነት አለ። የሊግ ተጫዋች የሚመጣበትን አብዛኛውን ጊዜ ያያል፤ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ አገጩን ይሰበስባል፣ ትከሻውን ያዘጋጃል። ኳስ ተጫዋች ግን የሚመታው ዓይኑ ኳስ ላይ ሳለ፣ አንድ እግሩ ተተክሎ ሌላው አየር ላይ ሳለ፣ ብዙ ጊዜም ከጎንና ከኋላ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ቁርጭምጭሚት በጫማ ጥርስ ሲረገጥ በትንሽ ኃይል ይሰበራል። ስለዚህ "ራግቢው ያንን ሁሉ ችሎ ይሄ በዚህች ወደቀ" የሚለው ንጽጽር ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ የተዘጋጀ ትከሻና ያልተዘጋጀ ቁርጭምጭሚት አንድ ላይ አይመዘኑም።

ታዲያ ማስመሰሉስ? እሱ አለ፣ ያሳፍራልም። ግን መነሻው የተጫዋቹ ልብ ሳይሆን የሕጉ ክፍያ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2002 የዓለም ዋንጫ ብራዚል ከቱርክ ስትጫወት ኳስ እግሩ ላይ የተመታው ሪቫልዶ ፊቱን ይዞ ወደቀ። ቱርካዊው በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ሪቫልዶ በኋላ የገንዘብ ቅጣት ቢጣልበትም መጫወቱን ቀጠለ፣ ብራዚልም ዋንጫውን ወሰደች። በእግር ኳስ የወደቀ ሰው ጨዋታ ያስቆማል፣ ቅጣት ምት ያገኛል፣ ተቃራኒውን ያስወጣል፣ ሲመራ ሰዓት ይገድላል። በሊጉ ግን ተኝቶ መቅረት ቡድኑን ብቻ ነው የሚጎዳው፣ ስለዚህ ይነሣሉ። ማስረጃ ለሚፈልግ ማስረጃው ከራሱ ከሊጉ መጥቷል። በ2021 የአውስትራሊያው ሊግ ራስና አንገት ላይ የሚደርስ ታክልን (ተጋጣሚን ይዞ መጣልን) አጥብቆ መቅጣት ሲጀምር፣ ድሮ ወዲያው ይነሡ የነበሩ ተጫዋቾች ዳኛው በቪዲዮ እስኪያይላቸው ተኝተው ይጠብቃሉ የሚል ስሞታ በዛ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው መተኛት የሚያስገኘው ጥቅም ነው።

የጀግንነቱ ታሪክም ቢሆን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በሊጉ በኩል ጆን ሳትለር በ1970 የሲድኒ ፍጻሜ ላይ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መንጋጋው ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። በ2014ቱ ፍጻሜ ሳም በርጀስ በመጀመሪያው ግጭት የጉንጭ አጥንቱ ተሰንጥቆ 80 ደቂቃ ጨርሶ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የ2018ቱ ኩፐር ክሮንክ ነው፤ የትከሻው ሰፊ አጥንት ተሰብሮ ፍጻሜው ላይ ተሰለፈ፣ ኳሱን ብዙም ሳይነካ ጓደኞቹን በቃል ብቻ እየመራ ሲድኒ ሩስተርስ 21 ለ 6 አሸነፈ። በኳሱ ደግሞ የማንቸስተር ሲቲው ግብ ጠባቂ በርት ትራውትማን በ1956 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ 17 ደቂቃ ያህል ግቡን ጠበቀ። ጀርመናዊው ቤከንባወር በ1970 የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ጋር ትከሻው ወልቆ ክንዱ ደረቱ ላይ ታስሮ ተጫወተ። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ በትራውትማን ዘመን ተቀያሪ የሚባል አልነበረም፤ ቤከንባወር በተጎዳ ጊዜ ጀርመን ሁለቱንም ቅያሪዋን ጨርሳ ነበር። ቢወጡ ቡድናቸው ይጎድላል፣ ስለዚህ ቆሙ። ዛሬ አምስት ተቀያሪ ባለበት ጨዋታ ሰው በተሰበረ ክንድ አለመጫወቱ መልፈስፈስ አይደለም።

የእኛው የገና ጨዋታ ይህንኑ ያሳየኛል። በሰፊ ሜዳ፣ በቆልማማ ዱላ፣ ያለ ምንም መከላከያ ቅልጥም ለቅልጥም እየተላተሙ ሩሯን ሲያሳድዱ የሚያለቅስ፣ ፊቱን ይዞ የሚንከባለል አይታይም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሎ ገና ከመጀመሩ ስሞታው ተዘግቷል፤ ጌታም ባላገርም ተመትቶ ዝም ይላል። ካርድ የሚመዝ ዳኛ ስለሌለ መውደቅ የሚያተርፈው የለም። ያንኑ ጎረምሳ ማግስቱን ኳስ ሜዳ ላይ ብታገኙት በቅጣት ምት ክልሉ አጠገብ ሲወድቅ ታዩታላችሁ፤ ሰውየው ያው ነው።

ማን ቀድሞ ይደክማል ለሚለው ግን የቦታ ነገር አለ። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አንድ ጊዜ መፈተለክ አይከብድም፤ የሚከብደው በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ትንፋሽ መመለስ ነው። ከባሕር ጠለል የመጣ 110 ኪሎ ሰው የሊጉን "10 ሜትር ወደ ኋላ፣ 10 ሜትር ወደፊት" እዚህ ቢሞክር ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። እዚሁ ያደገ ቀጭን አማካይ በዚህ በኩል ይበልጠዋል።

ራስ ላይ የሚደርስ ምት ግን ከጥንካሬ ጋር ሊቆጠር አይገባውም፤ እዚህ ላይ ጸንቼ እቆማለሁ። የአውስትራሊያው ሊግ ራሱን የተመታ ተጫዋችን አስወጥቶ ለ15 ደቂቃ በሐኪም ያስመረምራል፤ የአንጎል መናወጥ ከተረጋገጠበት ከ2023 ጀምሮ በመደበኛነት ቢያንስ 11 ቀን ያሳርፈዋል። በእግር ኳስ ደግሞ ጉዳቱ ድምፅ የለውም። በ2002 የሞተው እንግሊዛዊ አጥቂ ጄፍ አስትል ለሞቱ ምክንያት የሆነው ዓመታት ሙሉ በቴስታ የመታው ኳስ ነው ተብሎ በመርማሪ ዳኛ ተበይኗል። በ2019 የወጣ የግላስጎው ጥናትም የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾች በአንጎል መድከም በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ለስላሳ ነው የተባለው ጨዋታ ይህን ያህል ያስከፍላል።

እኛ ሜዳ ላይ የሚደረገው ግን ራሱ ላይ ውሃ አፍስሶ "አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!" ብሎ መመለስ ነው። ይህ መቅረት አለበት። ሁለት ሰዎች በራስ ሲላተሙ ጥያቄው ቀላል ነው፦ የት ሜዳ ነን? ስንት ለስንት ነን? ባለፈው ከማን ተጫወትን? አንዱን ከሳተ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ሁሉንም መልሶም ከተንገዳገደ፣ ራሱን ካመመው ወይም ዓይኑ ከፈዘዘ እንዲሁ ይወጣል። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም እንቅልፍ ከተጫነው ሆስፒታል ነው። አንገቱን አመመኝ ካለ ደግሞ ሠልጥኖ የሚያነሣው እስኪመጣ በተኛበት ይቆይ፤ ማንም ጎትቶ አያንሣው።

ከሊጉ ልንወስድ የሚገባን አንገቱን ነው። የሊግ ልጅ ገና ከጅምሩ የሚማረው ታክል እንዲህ ነው፦ እግር ወደ ተጋጣሚው ይጠጋል፣ ጀርባ ይቀናል፣ ራስ ከሰውየው ጎን ወይም ከኋላው ይሆናል እንጂ ከፊቱ አይገባም፣ ትከሻ ይነካል፣ ሁለት ክንድ ይጠቀልላል፣ እግር ይገፋል። ራሱን ከፊት ያስገባ በጉልበትና በዳሌ ይመታል፤ ክንዱን ብቻ የዘረጋ ትከሻው ይወልቃል። ለቴስታም አንገት ይጠቅማል፦ መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ 10 ሰኮንድ መገፋፋት፣ ከዚያ በኋላ ማጅራት፣ ከዚያ ቀኝና ግራ፤ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ።

ለወለምታ፣ ወጌሻን አክብሬ ልናገር፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ማሸት የለም፤ ውስጡ የሚደማውን ያባብሰዋል። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ፣ ከዚያ መጠቅለልና እግርን ከፍ ማድረግ። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታ በስተኋላ አጥንቱ ሲነካ የሚያመው፣ ራጅ ይነሣ።

ለቋንጃ ደግሞ ምንም ዕቃ የማይፈልግ አንድ ልምምድ አለ። ተጫዋቹ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች መሬት ላይ ይዞ ይጫናል፤ ተጫዋቹ ከጉልበት እስከ ራሱ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደፊት ይወርዳል፣ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ ይቀበላል። ዳሌው ላይ ከታጠፈ ሥራው ወደ ወገብ ይሄዳል፣ ጥቅሙ ይጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን 2 ዙር በ5፣ በሁለተኛው ሁለት ቀን 2 ዙር በ6፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሦስት ቀን 3 ዙር ከ6 እስከ 8፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ሦስቱ ዙር በ12፣ በ10 እና በ8። ይህን በሥርዓት የሠሩ ቡድኖች የቋንጃ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። ብዙ ቡድን የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ የሚብሰው በሁለተኛው ቀን ስለሆነ አሠልጣኙ ልጆቹ የተጎዱ ይመስለዋል። እሑድ ጨዋታ ካለ ማክሰኞ ይጀመር፣ ዓርብና ቅዳሜ አይነካ።