ሃከሩም እግር ይኑረው፦ ለሳይበርፐንክ ጨዋታችን የሠራሁት የዋይፋይ ጠለፋ ሕግ

የሳይበርፐንክ የጠረጴዛ ጨዋታ ያጫወተ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ቡድኑ አንድ መጋዘን ሰብሮ ሊገባ ነው። ሃከሩ "ቆይ፣ መጀመሪያ ሲስተማቸውን ልግባበት" ይላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የአጫዋቹና የሃከሩ ብቻ ይሆናል። ዳይስ ይወረወራል፣ ፋየርዎል ይቆጠራል፣ ፋይል ይፈለጋል። የቀሩት ስልካቸውን ያወጣሉ። አንዱ ቡና ይቅረብ ይላል። ቡናው አቦል ደርሶ ቶና ሲቀዳ የመጋዘኑ በር ገና አልተከፈተም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ አጫዋች ዓለሙንና ሁኔታውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና "እኔ ይህን አደርጋለሁ" ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ሳይበርፐንክ ሲሆን ዘመኑ መጪው ጊዜ ነው። ሰው እጁንና ዓይኑን በማሽን ቀይሯል፣ ኩባንያ ከመንግሥት ገዝፏል፣ ከበር ቁልፍ እስከ ሽጉጥ ሁሉም ነገር ኔትወርክ ላይ ነው።

እኛ የምንጫወተው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ነው። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ ሥራው ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ሌላው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ለጨዋታው ብሎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል። ታሪካችን የሚካሄደው ኮምቦልቻ ውስጥ ነው፣ ብዙ አሥርት ዓመታት ወደፊት። ደረቅ ወደቡን ሮቦት ክሬኖች ያንቀሳቅሱታል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን የኩባንያ ወታደር ይጠብቀዋል፣ በሐረጎ ገደል ላይ ድሮን ዕቃ ያመላልሳል። ይህን ዓለም በጣም ስለምወደው ጠለፋውን በአንድ ዳይስ ገላግዬ ማለፍ አልፈለግኩም። ግን ሌሎቹም ተሰላችተው እንዲቀመጡ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ያደረግኩት የታተሙት ጨዋታዎች ነገሩን እንዴት እንደያዙት ማየት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990 የወጣው ሳይበርፐንክ 2020 ሃከሩን የራሱ ካርታ ወዳለው ሌላ ዓለም ይልከዋል። ቡና የሚያስፈላው እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ሻዶውራን በ2005 ባወጣው 4ኛ እትም የዓለሙን ኔትወርክ ሽቦ አልባ አደረገው። ሃከሩ ከቡድኑ ጋር እየሮጠ ካሜራ መጥለፍ ቻለ። በ2013ቱ 5ኛ እትም ደግሞ ርቀት ዋጋ አስከፈለ። እስከ 100 ሜትር ምንም አይቀነስም። እስከ 1 ኪሎ ሜትር ሃከሩ ከሚወረውራቸው ዳይሶች 1 ይቀነሳል፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር 3፣ እስከ 100 ኪሎ ሜትር 5። ከደሴ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቧንቧ ውሃ ቁጭ ብሎ ደረቅ ወደቡን መጥለፍ እንግዲህ 5 ዳይስ ያሳጣል። በ2020 የወጣው ሳይበርፐንክ ሬድ ከዚህም ይጠብቃል። ሃከሩ ከኔትወርኩ መግቢያ በ6 ሜትር ውስጥ ካልደረሰ ምንም ማድረግ አይችልም።

ከእነዚህ ሁሉ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሃከሩ እግር ይኑረው። የሆነ ቦታ መቆም አለበት፣ እዚያ ለመድረስም ሌሎቹ ያስፈልጉታል። የቀረውን ሕግ የሠራሁት በዚህ ላይ ነው።

ዳይሳችን ተራው የሉዶ ዳይስ ነው። ሃከሩ በችሎታው ልክ ይወረውራል፣ 5 እና 6 የወጣባቸው ይቆጠሩለታል። ይህ የሻዶውራን አቆጣጠር ነው፣ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ብቻ ስለሚፈልግ ተስማምቶናል። ከዚህ በላይ ስለ ዳይስ የምለው የለም። ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሲግናል። ርቀትን በሜትር መቁጠር ትቼ ግድግዳ መቁጠር ጀመርኩ። የእውነቱ ዋይፋይም እንዲሁ ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዙ ሞገድ ግድግዳን ሻል ባለ አቅም ያልፋል፣ የ5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። ብረት ደግሞ ሲግናሉን ይመልሰዋል። በእኛ ሕግ የእንጨትና ጭቃ ግድግዳ 1 ዳይስ ይቀንሳል፣ ብሎኬት 2፣ ኮንክሪት 3። የተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ምንም ሲግናል የለም፣ አንድ ሰው ሄዶ በሩን መክፈት አለበት። ይህች ትንሽ ሕግ ደረቅ ወደቡን ሙሉ በሙሉ ለወጠችው። በኮንቴይነር ክምር መካከል ሃከሩ ሲግናል ፍለጋ ሲዞር ሌሎቹ ደግሞ ጥበቃ ያያሉ፣ መሰላል ይደግፋሉ፣ በር ይፈለቅቃሉ። ማንም ስልኩን አላወጣም።

ቀጥሎ የጥበቃው ደረጃ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ አሰብኩበት፣ ምክንያቱም ብዙ ጨዋታዎች ጥበቃን በቁጥር ብቻ ያበላልጡታል። አንዱ 4 ነው፣ ሌላው 8። ለሃከሩ ግን ልዩነቱ አይታይም፣ የሚያደርገው ያንኑ መወርወር ነው። የእውነተኛው ዋይፋይ ታሪክ ግን በዓይነት የሚለያዩ ሦስት ደረጃዎች ይሰጠናል።

በ1997 የመጣው ዌፕ የተባለው ጥበቃ ድክመቱ በ2001 በይፋ ታይቷል። የሚተላለፈውን ዳታ በብዛት ያዳመጠ ሰው ቁልፉን ራሱን ያወጣዋል። ፓስወርዱ የቱንም ያህል ቢከብድ አያድንም። በጨዋታችን ይህን "አሮጌ" አልነው። ዳይስ አይጠይቅም፣ ሦስት ተራ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ብቻ ነው። ዳይስ ባይጠይቅም ቀላል አይደለም፣ በጥይት መካከል ሦስት ተራ መቀመጥ ምን እንደሆነ የተጫወተ ያውቀዋል።

ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ አራት መልእክት ይለዋወጣሉ። ያንን ልውውጥ የቀዳ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ሲገምት ቢያድር ራውተሩ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በፓስወርዱ ጥንካሬ ላይ ነው። ይህ "ተራ" ደረጃችን ሆነ። ጠለፋው ለሁለት ይከፈላል። መቅዳቱ እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ መገመቱ ደግሞ በኋላ፣ የትም።

በ2018 የመጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይህን የቤት ውስጥ ግምት ዘጋው። እያንዳንዱ ግምት ራውተሩ ራሱ ፊት መቅረብ አለበት። ይህ "ጥብቅ" ነው። መሞከር ይቻላል፣ ግን በሞከሩ ቁጥር ይሰማል።

መሰማቱን እንዴት እንቁጠረው? ሻዶውራን 5 ላይ አጫዋቹ በምስጢር ነጥብ ይይዛል፣ 40 ሲደርስ የኔትወርኩ ጠባቂዎች ይደርሱበታል፣ ያለበት ቦታም ይታወቃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ምስጢሩ ግን አልተመቸኝም። አጫዋቹን ሒሳብ ያበዛበታል፣ ተጫዋቹም ያላየውን አይፈራም። እኔ የገበጣ ጠጠር አመጣሁ። ድምፅ ያለው ሥራ በተሠራ ቁጥር አንድ ጠጠር ጠረጴዛው መሃል ባለው ሳህን ላይ ይወድቃል። አሥረኛው ሲወድቅ ጥበቃው ሃከሩ የቆመበትን ቦታ ያውቃል። ሁሉም ያየዋል። ሰባተኛው ጠጠር ላይ ሲደርስ ነርሷ "በቃ ውጣ፣ ውጣ!" ብላ ስትጮህ ሕጉ እንደሠራ ገባኝ። እሷ እኮ ሃከር አይደለችም፣ ጠለፋው ግን የእሷም ጉዳይ ሆኗል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን የኔትወርክ ባለሙያው ያመጣው ነው። ቡድኑ "ተራ" ጥበቃ ያለው የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ መግባት ነበረበት። ልውውጡን ለመቅዳት አንድ መሣሪያ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሌሊት ነው፣ የሚገናኝ አዲስ ሰው የለም። የተገናኘውን በግድ ማስወጣት ይቻላል፣ ያ ግን 2 ጠጠር ያስከፍላል፣ ሳህኑ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ ስምንት ነበር። ሁላችንም ዝም አልን። እሱ "አብሽሩ" አለ። "መብራቱን አጥፉትና መልሱት። መብራት ሲመጣ ሁሉም ራሱ ይናገራል።"

ነገሩ እውነት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ እንደገና ይነሳል። ካሜራው፣ ስልኩ፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም ፓስወርዱን ስለሚያስታውስ እንደገና ይገናኛል፣ ያ የአራት መልእክት ልውውጥም በየመሣሪያው ይደገማል። ደሴ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፋብሪካው ልጅ ገጸ ባሕርይ የመብራት ማጥፊያው ያለበትን ክፍል ፈልጎ ገባ። ነርሷ አምቡላንስ አቁማ ዘበኞቹን በወሬ ያዘች። ሃከሩ አጥሩ ሥር ተኝቶ ጠበቀ። መብራቱ ጠፋ፣ ተመለሰ። ሃከሩ ወረወረ፣ አንድ 6 ወጣ። አንድም ጠጠር አልወደቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ "መብራት ማጥፋት" በሕጋችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው ሕንፃ ላይ ግን አይሠራም፣ አስቀድሞ መሰለል ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ችግር ነበር። ተጫዋች ብልጥ ነው፣ "እኔ ሁሉንም ገመድ አልባ አጥፍቼ ነው የምገባው" ይላል። ካጠፋ ሃከር አይነካውም፣ ግን የዘመኑ ጣዕም አብሮ ይጠፋል። ከልክዬ ማስገደድ አልፈለግኩም። በምትኩ ማገናኘት ጥቅም እንዲኖረው አደረግኩ። የተገናኘ ቡድን አንዱ ያየውን ሁሉም ያያል፣ በተራውም 1 ዳይስ ይጨመርለታል። ያጠፋ ሰው ግን ጓደኛውን የሚያገኘው በጩኸት ነው። ይኸው ሕግ ለጠላትም ይሠራል። ሁሉን ያጠፋ ዘበኛ አይጠለፍም፣ እርዳታ መጥራትም አይችልም። በየትዕይንቱ መጀመሪያ ሁሉም "ክፍት ነኝ" ወይም "ዝግ ነኝ" ይላል። ይህ ውሳኔ ብቻውን ብዙ ክርክር ያስነሳል፣ ደስ የሚል ክርክር።

ፓስወርድን ከሰው ማግኘትም ሕግ አለው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈች ወረቀት፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ዋይፋይ፣ "ስልኬ ሞተብኝ፣ አንዴ ላገናኝ" የተባለ ዘበኛ። ይህ ምንም ጠጠር አይጥልም፣ የሚወረውረውም ሃከሩ ሳይሆን አግባቢው ነው። ገደቡ አንድ ነው። የገባችሁት በዚያ ሰው ስም ስለሆነ የእሱ ፈረቃ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። እውነተኛው ዓለም ላይም ብዙ ኔትወርክ የሚከፈተው በዚህ መንገድ ስለሆነ ይህን ሕግ ካልጻፋችሁ ጨዋታው ይጎድላል።

ጠረጴዛችን ላይ አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንይዛለን። የጠለፋ ፕሮግራም ስም አይጠራም፣ የጎረቤት ዋይፋይ ላይ "እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ብሎ ነገር የለም። የሰው ሲስተም ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚያስቀጣ ነው። የምናውቀውን የምንጠቀምበት የራሳችንን ቤት ለመጠበቅ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው በየቤታችን ዞሮ ረጅም ፓስወርድ አስገብቶልናል፣ ባለ 8 አኃዝ ፒን ያላትን የራውተሩን የማገናኛ ቁልፍም አጥፍቶልናል። ያቺ ፒን በሁለት ተከፍላ ስለምትፈተሽ 11 ሺህ ሙከራ ብቻ እንደሚበቃት በ2011 ይፋ ሆኗል። ጨዋታችን ውስጥም ባለቤቱ ማጥፋት የረሳው በር ሆና ትመጣለች።

አሁን የምሠራው የባቡሩን ሕግ ነው። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር በታሪካችን ውስጥ ሌሊትና ቀን ጭነት ያመላልሳል፣ ቡድኑም አንድ ፉርጎ ላይ ዓይኑን ጥሏል። እስካሁን የያዝኩት ይህን ነው። የባቡሩ የውስጥ ኔትወርክ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ጠጠሩም አብሮ ይከማቻል። የጣቢያው ኔትወርክ ግን ባቡሩ ሲያልፍ ለ2 ተራ ብቻ ይገኛል፣ ጣቢያው ካለፈ የጣቢያው ጠጠር ይራገፋል። የጣቢያው ደረጃ "ጥብቅ" ነው። በ2 ተራ ውስጥ ማግባባት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ነርሷ ይቻላል ባይ ናት፣ የሚመጣው ጨዋታ ላይ ትሞክረዋለች።