መዝናኛ

ዛሬ ያለ ምክንያት ሲከፋኝ ዋለ። ምክንያት ይኑርህ ብባል የምጠቅሰው የእ.ን ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ወትሮው «ልብ ወለዱን ለጊዜው አቆየውና ድራማ ጻፍልን» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገረም። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሩት ፕራወር ጃብቫላ ትዝ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እ.ኤ.አ. በ1927 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ተወልዳ፣ በ1939 ከአይሁድ ቤተሰቧ ጋር ከናዚዎች ወደ እንግሊዝ ሸሽታ፣ በ1951 ሕንዳዊ አርክቴክት አግብታ ደልሂ የገባች ደራሲ ናት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕሮዲዩሰሩ እስማኤል መርቸንትና ዳይሬክተሩ ጄምስ አይቮሪ አንዱን ልብ ወለዷን ወደ ፊልም እንድትለውጥላቸው ሲጠይቋት የፊልም ድርሰት ጽፋ አታውቅም ነበር፤ መርቸንት ሲደውልላትም አማቷን መስላ ለማምለጥ ሞክራ ነበር ይባላል። ከእነሱ ጋር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሠራች። በ1975 «ሙቀትና አቧራ» በተባለው ልብ ወለዷ በእንግሊዝ ለልብ ወለድ የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት፣ በ1987 እና በ1993 ደግሞ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኢ. ኤም. ፎርስተር መጻሕፍት ባዘጋጀቻቸው የፊልም ድርሰቶች ኦስካርን ወሰደች።

እኔን የያዘኝ ሽልማቱ አይደለም። እንግሊዞች ስመ ጥር ሰዎችን በሚመዘግቡበት መጽሐፍ ላይ፣ መዝናኛ በሚለው ረድፍ ያስሞላችው የፊልም ድርሰት መጻፍን ነው። ሌላው ሰው አትክልት መኮትኮት ወይም ቼዝ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው!

ትሕትና ነው እንዳልል ኩራትም አለበት፤ ልብ ወለድ ብቻ ነው ሥራዬ የምለው እንደ ማለት ነው። «ሙቀትና አቧራ»ን ሳነብ ግን ይህን ሙሉ በሙሉ ለማመን እቸገራለሁ፤ በ1923 የሆነውንና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚሆነውን እየቆረጠች የምታፈራርቅበት መንገድ ከፊልም ኤዲቲንግ የተማረችው ይመስለኛል። ታዲያ መዝናኛው ሥራውን ካስተማረው፣ የትኛው የትኛውን ሲረዳ ኖረ? ወይስ ጨዋታ ነው ብላ ስለያዘችው ይሆን እጇ ሳይፈራ የጻፈችው? ፊልሙ ቢወድቅ የሚወድቀው መዝናኛዋ ነው፤ ደራሲዋን የሚነካት የለም።

እንዲህ ያለው መመዝገቢያ ለእኔ ቢመጣ በመዝናኛ ረድፍ ምን እሞላ እንደሆነ ሳስብ አመሸሁ። አስቀድሞ በሥራ ረድፍ የሚሞላ ነገር መኖሩን ማጣራት ይኖርብኛል።