ጦሳን ከሻለቃው ጋር

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ጋቢ ደርቤ ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ ጋቢው ሸክም ሆኖብኝ ነበር።

የሄድኩት ለሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው። ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ በኋላ ተራራ መውጣት ጀምረው ኪሊማንጃሮ ጫፍ፣ 5,895 ሜትር ድረስ ደርሰዋል። ይህን ስሰማ በራሴ ገንዘብ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። 900 ብር የከፈልኩበት ክፍል መስኮቱ አይከፈትም፣ አጎበሩ ተቀዷል፣ ከታች ያለው ሙዚቃ እስከ ስምንት ሰዓት አልቆመም። ቢንቢ ሲበላኝ አደረ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ሁለተኛ አላማም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጠዋት እንቅልፌን ይዤ አዳራሽ ገባሁ። ሻለቃው ስለ ዋልታ አሳሹ ኧርነስት ሻክልተን ነገሩን። ኢንዱራንስ የምትባለው መርከቡ አንታርክቲካ አጠገብ በረዶ ጨፍልቋት እ.ኤ.አ. በ1915 ሰጠመች። 28 ሰው በረዶ ላይ ቀረ። ሻክልተን ሸክም ይቅለል ብሎ የወርቅ ሳንቲም ሳይቀር በረዶ ላይ ጣለ፤ የአንዱን ሰውዬ ባንጆ፣ እንደ ክራር ያለ የሙዚቃ መሣሪያውን፣ ግን አላስጣለም። ኋላ 22ቱን አንድ ደሴት ላይ ትቶ፣ ከአምስት ሰዎች ጋር በትንሽ ጀልባ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አቋርጦ እርዳታ ፈለገ፤ በ1916 ተመልሶ ሁሉንም በሕይወት አወጣቸው።

ባንጆው ላይ ሲደርሱ የሻለቃው ድምፅ ተለወጠ። እሳቸው ወጣት የመቶ መሪ ሳሉ ክራር ይዞ የሚጓዝ ወታደር ነበራቸው። አምባሰልን ሲጫወት ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር አሉ። አንድ ቀን ረጅም ጉዞ ሲገጥማቸው፣ ሸክም ነው ብለው ክራሩን አስጣሉት።

«ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማንም አይጫወትም ነበር። ትእዛዜን አከበረ፤ እኔን ግን ደግሞ ቀና ብሎ አላየኝም» አሉ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ስለ አመራር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ አሠልጣኝ ስላሸነፈው ነገር ሲያወራ እንጂ ስለጸጸቱ ሲናገር ያየሁት ግን ያኔ ነው።

በማግስቱ ደሴ ወጣን። በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደስ አለኝ፣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። የባጃጁ ልጅ ግን እንግዳ መሆኔን አይቶ 20 ብር የሚሄደውን 200 ብር ተቀበለኝ። ቀኑን ሙሉ አናደደኝ።

የጦሳን ተራራ ስንወጣ ሻለቃው ከኋላ ነበሩ። መጨረሻ የምሄደው እኔ ስለሆንኩ እሳቸውም ከእኔ ጋር ቀሩ። ወገቡ ላይ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው «አብሽሪ ልጄ፣ ደርሰሻል» ብለው በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። ብር ባወጣ «ወላሂ አልቀበልሽም» አሉ። የባጃጁ ንዴት እዚያ ለቀቀኝ።

ከላይ ደሴ በተራሮቹ መሃል ተዘርግታ ትታያለች። እያለከለክኩ ያንን የሚከነክነኝን ጠየቅኳቸው።

«ሻለቃ፣ ያ ወታደር ኋላ የት ገባ?»

«የወረኢሉ ልጅ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ተለያየን። ወሎ በመጣሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።»

ሥልጠና በሌሎች ከተሞችም ይሰጣሉ። ደሴና ኮምቦልቻን ለምን እንደሚያበዙ ያኔ ገባኝ።

ከሰዓት አይጠየፍን አየን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ነው፤ ማንም አይጠየፍበትም፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ሻለቃው በሩ አጠገብ ብዙ ቆሙ፣ ምንም አላስረዱንም።

የመመለሻውን መንገድ ተኝቼ ጨረስኩት። ደብረ ሲና ቆሎ ስገዛ ስልኬ ጠራ።

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?»

«ደህና ነኝ ሻለቃ፣ እርስዎስ የት ደረሱ?»

«ወረኢሉ ነኝ። ክራር የሚጫወት ሽማግሌ አለ ብለውኝ ወደ ቤቱ እየሄድኩ ነው።»