የአምፔን ቲዩብ ቀየርኩ፣ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ድምፁ መጣ

ሁዳዴ ገብቷል። ሠርግ የለም፣ የማታ ሥራም የለም፤ ስለዚህ ከጥር ጀምሮ እጽፈዋለሁ ስል የቆየሁትን ልጻፍ።

ያገለገለ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አለኝ፣ በትራንዚስተር ሳይሆን ቲዩብ በሚባሉ የመስታወት ብልቃጦች የሚያጎላ። 15 ዋት ነው፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ከኋላ ሲያዩት ሦስት ትንንሽና ሁለት ረዘም ያሉ የመስታወት ቲዩቦች አሉት። ከአዲስ አበባ ሳመጣው አውቶብስ ጣሪያ ላይ እንጫነው ሲሉኝ እምቢ ብዬ፣ ለእሱም የሰው ሒሳብ ከፍዬ፣ አጠገቤ አስቀምጬው ነው ጎንደር የገባነው። ሰው ስቆብኛል። ይሳቅ።

ቤት ለብቻዬ ስጫወት ችግር አልነበረውም። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጓደኛዬ ጋር ስንቀመጥ ነው ጉዱ የሚፈላው። ቮልዩሙ ገና ሦስት ሳይደርስ ጊታሬ መንጫጨት ይጀምራል። ክሩን ቀስ ብዬ ብነካው፣ በኃይል ብመታው ለውጥ የለውም፣ ያው አንድ ጩኸት ነው። ማሲንቆን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፣ ድምፁ ከተፈጥሮው ሸከር ይላል፣ ውበቱም እሱ ነው። በዚያ ላይ የእኔ መንጫጨት ሲጨመር ትዝታው ሁሉ ጠጠር ያለበት ሽሮ ይሆናል። ጓደኛዬ ጨዋ ነው፣ ብዙ አይናገርም። ዝም ብሎ ወንበሩን ከአምፔ ራቅ ያደርጋል። ቮልዩሙን ዝቅ ሳደርግለት ደግሞ የእኔ ድምፅ ጨርሶ ይሞታል።

ኢንተርኔት ላይ መፍትሔው አንድ ነው፦ ቲዩብ ቀይር። እኔም እህቴ ከዲሲ ስትመጣ አስመጣሁ። ከአንድ ሻጭ የተገዛ፣ "የድሮ ምርት፣ ያልተነካ" የተባለ፣ ዋጋውን ስሰማ ያንገሸገሸኝ፣ 12ኤኤክስ7 የሚባል ትንሹ ቲዩብ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ነው ያመጣችልኝ፣ አልተሰበረም። ሰካሁት፣ ትንሽ ሞከርኩት፣ "አቤት ልዩነቱ!" አልኩ። (ልዩነት አልነበረም። ገንዘብ ያወጣ ጆሮ ያልሆነውን ይሰማል።) በሳምንቱ ሠርግ ነበረን። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ቮልዩሙን ከፍ አደረግኩ፣ አምፑም ጊታሩን ሳልነካው ማፏጨት ጀመረ። ዊ... እያለ እየጨመረ ሄደ። ሚዜዎቹ ጆሯቸውን ያዙ፣ አንዲት እናት "ኧረ በማርያም አጥፉት!" አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክም።

በማግስቱ ቲዩቡን በኪሴ ይዤ አንድ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ትራንዚስተር ሳይገባ የነበሩትን ሬዲዮዎች ሲጠግኑ ያደጉ ናቸው። ቲዩቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና "ባልቦላ ናት እንዴ፣ ከየት አገኘሃት?" አሉኝ። እኛ ቤት ባልቦላ የሚባለው ቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ነው፣ ስለዚህ ግር አለኝ። ለካ ጣሊያኖቹ ፊውዙንም ቲዩቡንም ቫልቮላ ነው የሚሉት፣ ቃሉ ለሁለቱም ቀርቶልናል።

"ጋሼ፣ ተቃጥሎ ነው?" አልኳቸው።

"አልተቃጠለም። ጫፉ ላይ ያለውን ብርማ ቅብ አየኸው? አየር ቢገባው ነጭ ይሆን ነበር። ይሄ ደህና ነው፣ ግን ውስጡ ላልቷል። አምፑን አብራና ቲዩቡን በእርሳስ ጀርባ ቀስ አድርገህ ምታው።"

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ሌሎቹን ስነካቸው በስፒከሩ ትንሽ "ጢው" ይላሉ፣ ያ ጤነኛ ነው። ያቺ ውዷ ግን እንደ ቃጭል ታቃጭላለች። ማይክሮፎኒክ የሚሉት ይሄ ነው። ውስጧ ያሉት ብረቶች ሲንቀጠቀጡ ቲዩቧ ራሷ ማይክሮፎን ትሆናለች፣ ስፒከሩ ያነቃንቃታል፣ እሷ ያንን መልሳ ወደ ስፒከሩ ትልካለች፣ ማቆሚያ የለውም። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ስትሆን ነው የምትብሰው፣ ምክንያቱም ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ የእሷን ድምፅ ያጎላል። መጨረሻ ቦታ ላይ ስሰካት ዝም አለች፣ እስካሁንም እዚያው ናት።

በሌላ ቀን ስመለስ ጋሼ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። አንዷ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ማጉያ አለ። መሃል ያለው ክር ይግላል፣ ዙሪያውን ያለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ኤሌክትሮኑ ወደ ውጪው ሳህን ይሮጣል። በመሃል ያለው ሽቦ ግሪድ ይባላል። ከጊታር የመጣችው ደካማ ምልክት የምትገባው ግሪዱ ላይ ነው፣ በሯን ገርበብ ከፈት እያደረገች ትልቁን ጅረት ታዛለች። በሩ ምን ያህል ኃይለኛ ነው፣ ማለትም ምልክቷን ምን ያህል ሊያጎላ ይችላል የሚለው በቁጥር ይገለጻል፤ 12ኤኤክስ7፣ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 የሚሉት፣ 100 ነው። 5751 ወደ 70፣ 12ኤዋይ7 ወደ 45፣ 12ኤዩ7 ደግሞ 20 አካባቢ። ባለ ዘጠኝ እግር ናቸው፣ አሰካካቸው አንድ ነው፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መሰካት ይቻላል። 12ኤቲ7ም አለ፣ 60 ነው፣ ግን ጠባዩ ለየት ስለሚል ለመጀመሪያው ቦታ አልመክረውም።

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ገንዘቤን የጨረስኩት ከ100 ወደ 100 ለመቀየር ነበር! የእኔ ችግር የብራንድ አልነበረም፣ የጌይን፣ ማለትም የማጉላት ኃይል፣ ብዛት ነበር። እርግጥ በ12ኤኤክስ7ና በ12ኤኤክስ7 መካከል ልዩነት የለም አልልም፤ አንዱ ጸጥ ያለ፣ ሌላው ሹክሹክታ የሚያበዛ ይሆናል። ግን ሳሎን ሙሉ ሰው እያወራ፣ ብርጭቆ እየተጋጨ፣ ስሎቫኪያ የተሠራውን ቲዩብ ከሩሲያው ለይቼ እሰማለሁ የሚል ካለ ይምጣና ዓይኑን አስሬ ልፈትነው።

ስለዚህ በርካሹ ሦስት ዓይነት አስመጣሁና መጀመሪያ ቦታ ላይ፣ ማለትም የጊታር ገመድ ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ባለው ላይ፣ በየተራ ሞከርኩ። 12ኤዩ7 አልሆነም። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ግን እንደ ሾርባ ውኃ ነው፣ ጨው የለውም። 5751 ጥሩ ነበር፣ መንጫጨቱ ወደ ኋላ ሸሸ። ቤት ለሚጫወት ሰው እሱ ይበቃል። 12ኤዋይ7ን ስሰካ ግን ቮልዩሙ አምስት ደርሶም ድምፁ አልፈረሰም፣ በጣቴ ሥጋ ስነካው ለስለስ ይላል፣ በጥፍሬ ስመታው ነው ከረር የሚለው። የባቲን ዜማ ስጫወት እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ትቆማለች፣ ከቀጣይዋ ጋር አትቦካም።

ኋላ ሳነብ ይሄ አዲስ ግኝት አለመሆኑን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፌንደር ቤዝማን የሚባለው የአሜሪካ አምፕ የመጀመሪያ ቦታው ላይ ያለው ቲዩብ 12ኤዋይ7 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የማርሻል አምፕ መሥራቹ ጂም ማርሻልና ጓደኞቹ ያንን አምፕ መነሻ አድርገው የራሳቸውን ሲሠሩ እዚያ ቦታ ላይ ኢሲሲ83 አስገቡ፣ ለሮክ የሚሆነው ሸካራ ድምፅ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይሄ ነው። እኔ መንገዱን ወደ ኋላ ነው የሄድኩት። ማሲንቆ ባለበት ቤት ሮክ አንድ ሰው ይበቃል፣ እሱም ማሲንቆው ነው።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ፦ አምፑን አጥፉ፣ ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ቲዩቦቹ እስኪበርዱ ጠብቁ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ጣቴን ጠብሻለሁ። ሲያወጡ ቀጥ አድርጎ ወደታች ነው፣ በጣም በትንሹ እየነቀነቁ፣ ሲያስገቡም እግሮቹ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት አይቶ። ቲዩቡን ብቻ ንኩ። የብረት ሳጥኑን አትክፈቱ፤ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይገድላል። ትንንሾቹን መቀየር በአብዛኛው አምፕ ላይ ሌላ ማስተካከያ አይፈልግም። ሁለቱን ረጃጅሞች ግን ለባለሙያ ተዉለት፣ አንዳንዱ አምፕ ላይ ባያስ የሚባል ልክ አላቸው።

ስታብላይዘርም ግዙ። እኔ ሰፈር 220 መሆን ያለበት መብራት ማታ ማታ ይወርዳል፣ ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደ እብድ ነው የሚገባው። የቲዩቡ ክር የሚግለው በ6.3 ቮልት ነው፣ ከግድግዳው የሚመጣው ሲዋዥቅ እሱም አብሮ ይዋዥቃል። ድምፄ ዛሬ ለምን ደከመ እያልኩ ቲዩብ ስቀያይር ያመሸሁባቸው ቀናት ነበሩ፣ የደከመው መብራቱ ነው።

ከቅበላ በፊት በነበረው ቅዳሜ ፒያሳ ተቀመጥን። ቮልዩሙን አምስት ላይ አደረግኩት። ጓደኛዬ ማሲንቆውን ቃኘ፣ አየት አደረገኝ፣ ጀመረ። ስለ ድምፁ ምንም አላለኝም፣ ወንበሩንም አላንቀሳቀሰም። የአምፑ ሪቨርብ (የገደል ማሚቶ የሚያስመስለው ክፍል) ግን አሁንም እምም... ይላል። እሱን ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ጋ ወስጄ አየዋለሁ።