ጎንደር ላይ የጓሮ መዋኛ ገንዳ መብራትና መቆጣጠሪያ ለምታስገጥሙ

ጎንደር ውስጥ ገንዳ የሚቆፍር፣ ፌሮ የሚያስር፣ ሴራሚክ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። ከውኃ ጋር የሚገናኝ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ማራኪ አካባቢ ባለው ግቢያችን ጓሮ መዋኛ ገንዳ ስናሠራ ሞተሩ በሰዓቱ በራሱ እንዲነሣና እንዲቆም፣ የውኃ ውስጥ መብራቱም ማታ በራሱ እንዲበራ ፈለግሁ። ዛሬ ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ፤ እኮራበታለሁም። እዚህ ለመድረስ ግን ሰው ሊሞትበት በሚችል መንገድ አልፈናል። ከእኔ በኋላ የሚጀምር ሰው ይህን ሳያውቅ እንዲገባበት አልፈልግም።

ቀላሉን ላስቀድም። ገንዳው 8 በ4 ሜትር ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 1.40 ሜትር ስለሆነ 45 ሺህ ሊትር ያህል ይይዛል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በቦቴ አስሞላነው። ሞተሩ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ነው። የሞተሩን ቤት ከገንዳው የውኃ ወለል ዝቅ ባለ ቦታ አሠራሁት፤ ይህን ማንም አልመከረኝም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሞተር ውኃን ከታች ወደ ላይ የመሳብ አቅሙ ከቆላው ያንሳል። ውኃው ከላይ የሚወርድለት ሞተር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ አየር ሳይስብ ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። ለሞተሩ ቤት ወለል የውኃ መውጫ ካበጃችሁ ሌላ ጣጣ የለውም።

ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን፣ የመሰላሉን መቆሚያ ብረትና የሞተሩን አካል በወፍራም የመዳብ ሽቦ እርስ በርሳቸው አስተሳሰርኳቸው። የኤሌክትሪኩን ሥራ አይቶ እንዲፈርም የተላከው ባለሙያ «አንድ የመሬት ዘንግ ከቀበሩ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። አይበቃም። ዋናተኛውን የሚገድለው በውኃውና በጨበጠው መሰላል መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ብረቶቹ ሁሉ ከተሳሰሩ ልዩነቱ ይጠፋል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ወደ ፌሮው መመለሻ ስለሌለ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አትደራደሩ።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ።

የገዛሁት ሁለት ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ መብራት ነው፤ እያንዳንዱ 35 ዋት። ውኃ ውስጥ 220 ቮልት አይገባም፤ ትራንስፎርመር ነው ወደ 12 የሚያወርደው። አይኢሲ 60364 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በክፍል 7-702 የመዋኛ ገንዳን ዙሪያ በቀጠና ይከፍለዋል፦ ውኃው ራሱ ዜሮ፣ ከጠርዙ እስከ 2 ሜትር አንደኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው 1.5 ሜትር ሁለተኛ። ትራንስፎርመሩን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ፣ ማለትም ከጠርዙ ከ3.5 ሜትር በላይ ማራቅ ነው ደኅናው። ይህን በእጄ ሥዬ፣ በሜትር ለክቼ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው በወረቀት ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የሞተሩ ቤት ከመብራቶቹ 20 ሜትር ያህል ይርቃል። ሠራተኛው ይህን ሁሉ ርቀት ለሁለቱም መብራት አንድ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ጎተተ፤ የቤት አምፖል የሚዘረጋበትን ማለት ነው። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ማስላቱ አላቃተኝም። ሁለቱ መብራቶች 6 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ደርሶ መልሱ 40 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 መዳብ ግማሽ ኦም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተቃውሞ አለው። ስለዚህ 2.7 ቮልት ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በ220 ቮልት መስመር ላይ 2.7 ቮልት ቢጎድል ማንም አያውቀውም፤ ከ12 ላይ ሲጎድል ግን ከአምስት እጁ አንዱ ሄደ ማለት ነው። በመልቲሜትር ስለካው መብራቱ ጋ የደረሰው 9 ቮልት ከምናምን ነበር። መብራቶቹ ይርገበገባሉ። ሠራተኛው «እትዬ፣ ኤልኢዲ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሲቆይ ይስተካከላል» አለኝ። አይስተካከልም አልኩት፤ ሽቦው ይቀየር።

በነጋታው ስመለስ መብራቱ ፏ ብሏል። «አስተካክዬዋለሁ» አለ። ሽቦውን ቀየርከው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አዎን» አለኝ።

አይቶ እንዲፈርም የተላከው ያው ባለሙያም በዚያው ሰሞን መጣ። ገንዳው ገና ውኃ አልገባበትም ነበር። «እስቲ ያብሩት» አለ፤ ሠራተኛው አበራው፤ ሰውየው ከበላይ ሆኖ አየና ፈረመ። ብዙዎቹ የውኃ ውስጥ መብራቶች የሚቀዘቅዙት በዙሪያቸው ባለው ውኃ ስለሆነ በደረቅ ገንዳ ውስጥ ሊበሩ አይገባም፤ ይህ በመመሪያቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል። መመሪያውን አሳየሁት፤ አላነበበውም። የማከፋፈያ ሳጥኑን ክዳን አልከፈተም፤ ትራንስፎርመሩ የት እንዳለ አልጠየቀም፤ መለኪያ የሚባል ነገር በእጁ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ፊርማ ነው።

ሰኔ ገባ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አርሲዲ የሚባለው ብሬከር መቁረጥ ጀመረ። አርሲዲ ኤሌክትሪክ ከሽቦው አምልጦ ወደ መሬት፣ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው አካል ሲሄድ የሚቆርጥ ነው፤ የእኛው በ30 ሚሊአምፔር ይቆርጣል። ለሠራተኛው ደወልኩ። «ብሬከሩ ጥራት የለውም፤ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እንዲህ ሆኗል» አለና መጥቶ ነካካው። ከዚያ በኋላ ዝናብ እንደ ጉድ ቢወርድም ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቅዳሜ የእኅቴ ልጆች ሊዋኙ መጡ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። ልጆች ውኃ ከመግባታቸው በፊት የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ የመጫን ልማድ አለኝ። ተጫንኩት። ቀጭ አለ፤ ማንሻው ወደ ታች ወረደ። ሞተሩ ግን መጮኹን አላቆመም። ማንሻውን አየሁ፤ ወርዷል። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አዘነበልኩ፤ ያጉረመርማል። ልጆቹን «ከጠርዙ ራቁ!» ብዬ ጮኼ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ።

ክዳኑን ስፈታው ወደ ሞተሩና ወደ መብራቱ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ከአርሲዲው መውጫ ተነቅለው፣ በአንድ ቀይና በአንድ ጥቁር ቁራጭ ሽቦ ከመግቢያው ጋር ተገናኝተው አገኘሁ። ኤሌክትሪኩ ብሬከሩን በጎን ያልፈዋል። ማንሻው ቢወርድም ባይወርድም ለውጥ የለውም።

ከዚያ ብሬከሩ ለምን ይቆርጥ እንደነበረ ለማወቅ መስመሩን ተከትዬ ሄድኩ። ገንዳው ዳር ያለውን የእንጨት ወለል ሳስነሣ ትራንስፎርመሩ እዚያ ተቀምጧል፤ ከውኃው አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። ሽቦውን ቀይሬዋለሁ ያለኝ ውሸት ነበር። ቀጭኑን ሽቦ ለማሳጠር ትራንስፎርመሩን ወደ ገንዳው አምጥቶ 220 ቮልቱን እዚያ ድረስ ጎትቶታል። የ220 ቮልቱ ሽቦ የተቀጠለበት ቦታ በናስትሮ ተጠቅልሎ የዝናብ ውኃ ያቆረበት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። ናስትሮው ለቆ ጫፉ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ብሬከሩ ጥራት የሌለው አልነበረም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውን በሐቅ ይሠራ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ደወልኩለት። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «እትዬ፣ እየቆረጠ አስቸገረኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» የፈረመውን ባለሙያም ሄጄ አነጋገርኩት። «እኛ የምናየው መብራቱ መብራቱን ነው» አለኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ አስጀመርኩት። የአዘዞ ሰው የሆኑ አንድ አንጋፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አገኘሁ። የተለጠፈውን ሴራሚክ በከፊል አስፈልጠው ሰፋ ያለ ኮንዲዩት፣ ማለትም የሽቦ ማሳለፊያ ቧንቧ፣ ቀበሩ። ለእያንዳንዱ መብራት ለየብቻው ባለ 6 ሽቦ ጎተቱ፤ አሁን መንገድ ላይ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ትራንስፎርመሩ ወደ ሞተሩ ቤት ግድግዳ ተመለሰ። ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ ተገጠመ፤ ከወለሉ በታች አንድም ቅጥል የለም። ከመብራቶቹ ኋላም ትርፍ ገመድ ጠቅልለው አስቀመጡ፤ መብራቱ ቢበላሽ ገንዳው ሳይጎድል ጠርዙ ላይ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። የወጣው ገንዘብ ያንገበግባል፤ ሴራሚኩ ሁለት ጊዜ ነው የተለጠፈው። ሥራው ግን የሚያኮራ ነው።

ስለዚህ የመሞከሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ማንሻውን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ሞተሩ መቆሙን፣ መብራቱ መጥፋቱን አረጋግጡ። በየወሩ አድርጉት፤ ባለሙያ ነካክቶት በሄደ ቁጥር ደግሞ ያኔውኑ።

የመቆጣጠሪያውን ነገር ላሳጥር። ሻጮች በስልክ የሚታዘዘውን ሊያስገዟችሁ ይሟገታሉ። እኔ አልገዛሁም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገንዳዬ እንዲቋረጥ አልፈልግም። የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ሰዓት ቆጣሪና ኮንታክተር ይበቃል፤ ኮንታክተር ሰዓት ቆጣሪው ሲያዘው የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ነው። ባትሪ የሌለው ግን መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ከፊቱ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አስገቡ፤ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሣውን ዓይነት፤ ሞተር የሚቃጠለው መብራት ተመልሶ ከፍ ዝቅ በሚልበት በዚያች ጊዜ ነውና።

መመሪያው ሰዓት ቆጣሪውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ሙሉ ይላል። አትስሙት። ጥበቃችን ሞተሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲነሣ ብዬው 3፡00 ላይ ሞላው፤ ሞተሩም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣ። አሁን የጠዋቱን 12 ሰዓት ዜሮ አድርጌ ሞልቼዋለሁ። የጠዋቱ 3 ሰዓት 3፡00 ነው፤ የማታው 1 ሰዓት 13፡00 ነው፤ መብራቱ የሚጠፋበት የማታው 4 ሰዓት 16፡00 ነው። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ የሚያበራ መሣሪያም አያስፈልግም፤ በእኛ አገር ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ክረምት ከበጋ ያን ያህል አይለያይም። መብራቶቹን ደግሞ ከቤቱ ፊታቸውን አዙራችሁ ትከሏቸው፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገቡ።

ክሎሪንና አሲድ በራሱ የሚጨምረውን መሣሪያ እቃወማለሁ። ዋናው ሞተር ቆሞ እሱ መርጨቱን ከቀጠለ ሁለቱ ኬሚካሎች ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው። የግድ ከፈለጋችሁ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ሞተር ኮንታክተር በኋላ ይውሰድ፤ ውኃ መፍሰሱን የሚያረጋግጥ ማብሪያም ይጨመርበት። እኔ በእጄ ለክቼ በእጄ እጨምራለሁ፦ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም። ክሎሪኑን ማታ ነው የምጨምረው፤ የደጋው ፀሐይ ቀን ላይ ቶሎ ያጠፋዋል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ የመጨረሻው ክፍያ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንደሚሆን በጽሑፍ አስፍሩ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ቀሪ ገንዘቤ ይሰጠኝ እያለ አሁንም ይደውላል። ቀዩን ቁራጭ ሽቦ አስቀምጬዋለሁ፤ መጥቶ ይውሰደውና ስለ ገንዘቡ እንነጋገራለን ብዬዋለሁ።