ቤታችንን ከኩሽናው ጀመርነው

ባሕር ዳር ውስጥ በአዳዲሶቹ ሠፈሮች ሳልፍ የማየው ቤት ሁሉ ይመሳሰላል። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ኮርኒሱ በጂፕሰም ተውቦ መብራት ተደርድሮበታል። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ኩሽናው ግን ከኋላ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ይዞ ቀርቷል። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ክፍል እኮ እሱ ነው። ሳሎን ውስጥ እንግዳ የሚቀመጠው በሳምንት ስንት ሰዓት ነው?

እኔ ያደግሁት እናቴ ጭስ ቤት ውስጥ ስትጋግር እያየሁ ነው። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። በማኅበር ያገኘነው ቦታ ላይ ለመሥራት ስንነሳ ባለቤቴን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። የቤቱ ጥሩ ቦታ ለሚሠራበት ሰው ይሁን አልኩት። ሳያንገራግር ተስማማ። ንድፉን የሚያወጣልን ልጅ ግን ግራ ገባው። «እትዬ፣ ኩሽና ከፊት ሆኖ እንግዳ ምን ይላል?» አለኝ። እንግዳ የሚለውን ትተን ፀሐይዋ የምትለውን እንስማ ብዬ ወረቀቱን እንደገና አስጀመርኩት።

ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። በሁለቱም ወቅት ቀትር ላይ ከፍ ስለምትል፣ ክዳኑን ወጣ ካደረጉት የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ጥላ ያገኛል። እኛ 80 ሴንቲ ሜትር አወጣነው። የሚያስቸግረው ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በመስኮት ስትገባ ክዳን አያግዳትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እንዲህ የተመታ ክፍል እስከ ማታ አይበርድም። ስለዚህ በምዕራብ በኩል መታጠቢያ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱንና የውጭ ደረጃውን ደረደርን። ኩሽናው ሰሜን ምሥራቁን ጥግ ወሰደ። ጠዋት ብርሃን አለው፣ ቀን ላይ ደግሞ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ያገኘዋል።

ስለ መሠረት ብዙ አልልም። ቦታችን ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር አስወጥተን ገረጋንቲ እየጠቀጠቅን ሞላን። ብዙ ብር በላ። ማንም ቤታችን መጥቶ አያየውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። በየቤቱ የምናየው የቀለጠ ሶኬትና የጠቆረ ግድግዳ ከዚህ የመጣ ነው። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር አስዘረጋን፤ ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ ባለ 25 አምፔር። ኧርዝ የሚሉት ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦም እንዳይቀር ቆሜ አሠራሁ። ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ እርጥብ ነው፣ እግሯም ብዙ ጊዜ እርጥብ ወለል ላይ ነው። በዚህ ላይ ብር መቆጠብ አይቻልም።

ቀጥሎ ቁመቱ። ግንበኛው ለሁሉም ነገር 90 ሴንቲ ሜትር ለምዷል። ለመክተፊያና ለዕቃ ማጠቢያ ጥሩ ነው፤ የእኛም 88 ሆነ። ለምጣድ ግን ከፍ ይላል። ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ወደ መሃል ለማፍሰስ ክንድ ከላይ ወደ ታች መዘርጋት አለበት። ከፍ ካለ ትከሻ ያማል፣ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ወገብ። እናቴን፣ እኔንና አብራን የምትሠራውን ልጅ አቁመን በሜትር ለካን። የሦስታችንም ክርን የሚውልበትን አይተን የምጣዱን ፊት 75 ላይ አቆምነው። ምጣዱ ራሱ ቁመት ስላለው የሚቀመጥበት መደብ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በግራ በኩል ሊጡ፣ በቀኝ በኩል ሰፌዱ የሚያርፍበት ቦታ ተለቀቀ። አንዷ ሳትራመድ ወገቧን ብቻ አዙራ እንጀራውን ታወጣለች።

እንፋሎቱም አለ። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ቺፑድ ኮርኒስ በዚህ እንፋሎት አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በመጨረሻ ይንጠለጠላል። ጂፕሰምም እርጥበት አይወድም። ስለዚህ ኩሽናው ላይ ኮርኒስ የለም። ጣሪያው ሶሌታ የሚሉት ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው፣ ተለስኖ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከሥሩ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አየር ማስወጫ አለ። ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ተደርጎበታል።

የታችኛውን ቁም ሣጥን ኤምዲኤፍ በሚሉት ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚሠራ ጣውላ እንድናሠራ ብዙ ሰው መክሮን ነበር። ኤምዲኤፍ ሲገዙት ያምራል። የኩሽና ወለል ግን በውኃ ይታጠባል፣ ከሥሩ ውኃ ከነካው ያብጣል። እኛ መደርደሪያዎቹን በኮንክሪት አስገንብተን ሴራሚክ አስለበስናቸው፤ በሩ አሉሚኒየም ነው። ጥልቀታቸው 65 ሴንቲ ሜትር ነው። ለምን ቢሉ ምጣድ፣ ሰፌድና መሶብ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት አላቸው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቁም ሣጥን ይህን ታሳቢ አላደረገም፤ መሶቡ ሁሌም ፍሪጅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ለዚህ ይመስለኛል። በጓዳው ውስጥ ደግሞ የጤፍ ጆንያ የሚቀመጥበት ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ አለ። እርጥበት አያገኘውም፣ ከሥሩም ይጠረጋል።

መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው የእንጨትና የከሰል ቦታ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ሁለት ጎኑ ክፍት ነው። በር ያለው ጭስ ቤት ከእንግዲህ በግቢዬ አይሠራም ብያለሁ።

የኩሽናው ጣሪያ ሶሌታ መሆኑ ሌላም ጥቅም አመጣ። በርበሬ፣ ብቅልና ጌሾ የሚሰጣው እዚያ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ዋናው የማስጫ ጊዜ፣ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለሆነች የውኃውን ሮቶ በሰሜኑ ዳር አቆምነው። ጥላው ስጡ ላይ አይወድቅም። ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። ይህን ለመሐንዲሱ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ቋሚዎቹ በዚያ ልክ ይታሰባሉ። ግፊቱንም አስቡት። ውኃ 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው 1 ባር የሚሰጠው። የእኛ ሮቶ ከሻወሩ ራስ በላይ 2 ሜትር ተኩል ላይ ነው ያለው፤ ሩብ ባር ማለት ነው። ስለዚህ ሻወርና ማሞቂያ ስንገዛ መጀመሪያ የጠየቅነው መልኩን ሳይሆን በስንት ግፊት እንደሚሠራ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ መስኮት ነው። የቡናው መስኮት እለዋለሁ።

ቡና የምታፈላ ሴት ዱካ ላይ ትቀመጣለች። በየቤቱ ያሉት መስኮቶች ግን ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ሌላው ሶፋ ላይ ሆኖ ውጭውን ሲያይ እሷ ግድግዳ ታያለች። የከሰሉ ጭስና ጋዝም መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ከሰል ጋዙ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። እኔ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግ ለይቼ እዚያ ላይ ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚጀምር መስኮት አስወጣሁ። በሙሉ ይከፈታል። ፍርግርግና ወንፊት አለው። ቡና የምታፈላው ሰው ተቀምጣ በሩን፣ ግቢውን፣ የሚገባ የሚወጣውን ታያለች። ነፋሱም በመስኮቱ ይገባል፤ ጭሱን በበረንዳው በር ይዞት ይወጣል። ግንበኛችን መጀመሪያ ቁመቱን የተሳሳትን መስሎት ደጋግሞ ጠየቀን። ዱካ አምጥቼ ተቀመጥኩበትና አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ባለቤቶችም እየነገረ ነው አሉ።

ወለሉን የመረጥነውም ቡናውን አስበን ነው። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቀጤማ ከተጎዘጎዘ በዓል ቀን አንድ ሰው መውደቁ አይቀርም። ሻካራ፣ የማያንጸባርቅ ወሰድን። ቴራዞ ባሠራ ደስ ይለኝ ነበር። የድሮ መሥሪያ ቤቶች ወለል ስንት ዓመት ተረግጦ አሁንም ደህና ነው። እዚህ በደንብ የሚሠራው ባለሙያ ግን ማግኘት ከበደን።

የቤት ዕቃ ላይ ከእናቴ ጋር ተከራክረናል። ትልልቅ ሶፋ ሳሎኑን ይሞላዋል፣ ስድስት ሰባት ሰው ግን ነው የሚያስቀምጠው። የእኛ ቤት ማኅበር ይገባበታል፣ ክርስትና ይደገስበታል፣ ለቅሶም ይመጣል። እኔ በሁለቱ ግድግዳዎች ዙሪያ መደብ አሠራለሁ አልኩ።

«መደብ? ከገጠር ትተነው የመጣነውን ልታመጪብኝ ነው?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ እስቲ ይሠራና እዪው።»

መደቡ በብሎኬት ተገነባ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከፍታው ከነፍራሹ 45። ከላይ የዋንዛ ጣውላ አለው፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ። ልብሱን ሸማኔ ጋ በወፍራም ድር አሠርተነዋል፤ ሲቆሽሽ ተነቅሎ ይታጠባል። ዋንዛውን ገና መሠረት ስንጥል ገዝተን ጥላ ሥር በክፍተት ደርድረን አደረቅነው። እርጥብ ዋንዛ ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አናጢው በዚህ በጣም ነው የተደሰተው። አሁን ሳሎናችን ሃያ ሰው ሳይጨናነቅ ያስቀምጣል፣ መሃሉም ለመሶብና ለልጆች ክፍት ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ጋደም የምትለው መደቡ ላይ ነው። ስለ ገጠር ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከሳሎኑ ወጣ እንዳሉ ኮሪደሩ ላይ ሁለት የእጅ መታጠቢያ ሲንኮች አሉ። አንዱ ለአዋቂ፣ አንዱ ከወለሉ 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ለልጆች። በእጃችን ነው የምንበላው። እንግዳ እጁን ለመታጠብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መግባት የለበትም። ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ ግን ልጆቼ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው ማስታጠባቸው አልቀረም፤ እንዲቀርም አልፈልግም።

የእናቴ ክፍል ከኩሽናውና ከሳሎኑ መካከል ነው። ደፍ የለውም። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ያሳልፋል። የመታጠቢያ ቤቷ በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ይህን ሁሉም ሰው እንዲያስብበት እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ሰው ውስጥ ቢወድቅ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ገላው ያግደዋል፤ ለማዳን የመጣው ሰው መግባት አይችልም። ከመጸዳጃው ጎን የብረት መያዣ አለ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ብረቱን የሚሸከም ነገር ከውስጥ ተቀብሮለታል። ኋላ ላይ በቡሎን የተመታ መያዣ ብሎኬቱን ይዞ ይነቀላል።

ስለ ቀለም፣ ስለ መጋረጃ፣ ስለ መብራት ጌጥ ሰው ሁሉ የራሱ ዓይን አለው። ሳሎናችን ውስጥ የተንጠለጠለው ተራ አምፖል ነው፤ የጌጡ ብር ሮቶው ላይ ገብቷል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልስኑ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁበት ፎቶ አንሱ። ቧንቧውና ሽቦው በየት እንዳለፈ ይታያል። መጋረጃ ለመስቀል የመጣ ልጅ ቧንቧ ከመብሳት ይድናል።

ግቢው ገና ነው። ባለቤቴ በሙሉ ኮብል ስቶን ይነጠፍ ይላል፤ ጭቃ ሰልችቶታል። እኔ ከበሩ እስከ በረንዳው ይነጠፍና የቀረው አፈር ይሁን ባይ ነኝ። የክረምቱ ውኃ የሚሰርግበት ቦታ ካላገኘ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው። ድንኳን ሲተከልም ካስማው መሬት ይፈልጋል። በምሥራቁ ጥግ፣ ከቡናው መስኮት ፊት ለፊት፣ አንድ የማንጎና አንድ የጌሾ ችግኝ ተተክሏል። የንጣፉን ጉዳይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ አይተን እንወስናለን።