ዱባይ ሲዘንብ

ትናንት ማታ ሰማዩ ሲጠቁር ሳላስበው ጫማዎቼን ከወለሉ አንስቼ አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሳቀችብኝ። ዱባይ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አላየችም።

ማክሰኞ ነበር። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። እዚህ አገር ዝናብ ሲጥል የሐበሻ ልጅ ሁሉ መስኮት ላይ ነው፤ ቡና ይቆላል፣ አገር ቤት ይደወላል። እኔም ለእማዬ ደውዬ ስልኩን ወደ ውጭ አውጥቼ የዝናቡን ድምፅ አሰማኋት። «እሰይ፣ ተመስገን በይ!» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። የምሬን ነው፣ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ ቡናው ትዝ ያለው ሰው የለም።

ክፍላችን ምድር ላይ ነው። ውሃው በበር ይገባል ብለን ብርድ ልብስ ጠቅልለን ደፉ ላይ ወተፍን። እሱ ግን የመጣው በመታጠቢያ ቤት በኩል ነው። የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳ እንደ ምንጭ መፍለቅለቅ ጀመረ፤ በረሮዎቹ ቀድመው ወጡ። ቁርጭምጭሚት ደረሰ ስንል ጉልበት ደረሰ። ፓስፖርታችንን በፌስታል ቋጥረን ፎቅ ላይ ወዳሉት ፊሊፒኖዎች ወጣን። ሩዝና ዓሣ አቀረቡልን። ሁዳዴ ነው እንግዲህ። ታች ፍራሼ ይንሳፈፋል፣ እኔ ዓሣ ይበላል አይበላም እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። በላሁት።

በኋላ እንደሰማነው፣ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገሪቱ እንዲህ ያለ ዝናብ አልታየም። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የዓመቱ ዝናብ ቢጠራቀም በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በአንድ ቀን ገደማ ከ140 በላይ ወረደበት። አል ዓይን በምትባለው ከተማ በኩል ደግሞ 254። ከሺህ በላይ በረራ ተሰረዘ፣ አንዳንድ የሜትሮ ጣቢያዎች ለሳምንታት ተዘግተው ከረሙ።

ሰዉ ሁሉ «በአውሮፕላን ጨው ረጭተው፣ ደመና አዝንበው ነው ያመጡብን» ይል ነበር፤ እኔም ለጥቂት ቀን አምኜ አውርቻለሁ። ግን ያው ዝናብ እኮ ኦማንንም መትቷል፣ እዚያ ተማሪ ሕፃናትን ሳይቀር ጎርፍ ወስዷል። እንደሚመጣም ከቀናት በፊት ተነግሮ ነበር። ለእኔ ጣጣው ያለው ምድሩ ላይ ነው። ከተማው ሜዳ ነው፣ አብዛኛው አስፋልትና ሲሚንቶ ለብሷል፤ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ሳይቆፈር ጨዋማ ውሃ ይወጣል። ታች አይሰርግ፣ ተዳፋት የለ አይወርድ። ባሕሩ ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል፤ ውሃው ግን ደጃችን ላይ ተኝቶ ሰነበተ።

ሐሙስ ቦቴዎች መጡ። አንዱ ሾፌር፣ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወፍራሙን ቱቦ ውሃው ውስጥ ይነክረዋል። ቦቴው ሞልቶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ውሃው እንደነበረ ነው። እሱም ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ ቱቦውን በያዘ ቁጥር እኛን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለታችንም የሌላውን ቋንቋ አንችልም። የእኛ መንገድ እስኪደርቅ አምስት ቀን ፈጀ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ቡናማ መስመር ሁለቴ ቀለም ቀብተነዋል፤ አልጋዬ ራስጌ ጋ አሁንም ይታያል።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ዶማውን ይዞ የቤታችንን ዙሪያ ቦይ ይከፍት ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ እማዬ ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ቦይ ሠሩ?» የምትለኝ። ባለፈው መልስ ይዤላት ደወልኩ።

«30 ቢሊዮን ድርሃም መድበዋል እማ። በፈረንጅ 2033 ያልቃል።»

ዝም አለች።

«ለቦይ?»

«ለቦይ።»

«አባትሽ እኮ ከምሳ በፊት ይጨርሰው ነበር።»